የዜማው ቤትም ይቀረጽ

እንደሚታወቀው አገራችን የዜማ አገር ናት። የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕቱም ዙር አምባ በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ፤ የተክሌ አቋቋምም የተስፋፋው ከደብረ ታቦር ነው። ታዲያ ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦር በየሱቁ የምንሰማው የመዝሙር ቅጂ የማንን ቤት ድምፅ ይዟል? ዘማሪው በጠባብ ክፍል ይዘምራል፤ ቀራጩም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣውን የባሕር ማዶ ካቴድራል ማስተጋባት ይጨምርበታል። ዜማው የያሬድ፥ ቤቱ የባዕድ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስንል መሣሪያውን መንቀፋችን አይደለም። ዋላስ ሳቢን የተባለው የሐርቫርድ መምህር ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገው ምርመራ፥ ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በቤቱ ስፋትና ድምፅ በሚመጡት ነገሮች ልክ እንደሚወሰን አሳይቷል። በክቡ ቤተ ክርስቲያናችን መቅደሱ መካከል ላይ ስለቆመ የማኅሌቱ ድምፅ ዙሪያውን ይዞራል፤ ምንጣፉና የሕዝቡ ጋቢ ይመጠዋል። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ ይለወጣል። የፈረሰ ግድግዳ ይታደስ ይሆናል፤ ያልተለካ ድምፅ ግን ከየት ይመጣል?

ዘዴው ሩቅ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ፊኛ ቢፈነዳ ማይክሮፎን የሚቀዳው ምላሽ የዚያ ቤት አሻራ ነው። ኮምፒዩተር አሻራውን በደረቅ ክፍል ከተቀዳ ድምፅ ጋር ሲያዋሕደው፥ ዘማሪው እዚያው ቤት የቆመ ያህል ይሰማል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢስታንቡል አያ ሶፍያ የለኩት ድምፅ፥ ካፔላ ሮማና የተባለው የዘማሪዎች ጓድ በ2019 እ.ኤ.አ. ላወጣው ቅጂ አገልግሏል። ዘማሪዎቹም የቤቱን ምላሽ እየሰሙ ስለዘመሩ ትንፋሻቸውንና ፍጥነታቸውን ከእርሱ ጋር አስማምተዋል።

አንዳንዶች «ይህ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ፊኛና መቅጃ ግን ቅንጦት አይደሉም። ፍንዳታው ለሥፍራው ነውር ከመሰለም፥ በድምፅ ማጉያ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ድምፅ ይተካዋል። ባዶ ቤት ሕዝብ ከሞላበት ይልቅ ስለሚያስተጋባ ልዩነቱም መታሰብ አለበት።

ስለዚህ ማኅበራችን ከፊዚክስ መምህራን ጋር ተመካክሮ፥ ከየደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቆ፥ ከአገልግሎት ሰዓት ውጭ ልኬቱን ይጀምር። አንድ ሥፍራ ብቻ አይበቃም፤ መሪው ከሚቆምበትም ምእመኑ ከሚያዳምጥበትም ይለካ። ቅጂው ሲያልቅ መሪጌታው ሰምቶ ይፍረድ። ቆርቆሮው ግን እኛን አይጠብቅምና፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከወዲሁ እንነሣ!