ዡልየትን ለሞት ያበቃት ማን ነው? አባቷ ወይስ የነፍስ አባቷ?

የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» በከበደ ሚካኤል ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ ከደረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 9ኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛው ይማሩታል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከትንሿ ኢትዮጵያ በስተደቡብ፣ ባልድዊን ሂልስ የሚኖሩ አንዲት እናትና አንድ አባት በዚሁ ቴአትር ላይ ይሟገታሉ።

እናት፦ ጥፋቱ የአባትየው ነው

ካፑሌት ሲጀምር ክፉ አባት አይደለም። ፓሪስ ልጁን ለጋብቻ ሲጠይቀው ገና 14 ዓመት እንዳልሞላት ይነግረዋል። ሁለት ዓመት እንዲታገስ፣ ልቧንም ራሱ እንዲያገኝ ይመክረዋል፤ እሷ እሺ ካላለች የአባት ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃም አይሸሽገውም። በእኛ አገር ሴት ልጅን በ15 ዓመቷ መዳር ከሕግ የወጣው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ሰው ለዘመኑ ደግ አባት ነው እላለሁ።

ታዲያ እሑድ እንዲህ ያለው አባት ሰኞ ሌሊት ምን ነካው?

ሐዘንና ፍርሃት ነው የነካው። ሰኞ ከሰዓት የሚስቱ የወንድም ልጅ ቲባልት በሮሜዎ ሰይፍ ወደቀ። የቬሮናው መስፍን ደም በተቃቡት በሁለቱም ቤቶች፣ በካፑሌትም በሮሜዎም ወገን ተቆጥቷል፤ ፓሪስ ደግሞ የመስፍኑ ዘመድ ነው። ካፑሌት ልጁን ሳይጠይቅ ሠርጉን ለሐሙስ ቆረጠ። ቤቱን ከደም ለማውጣት የቸኮለ ሰው ነውና እስከዚህ ድረስ አዝንለታለሁ። የማልምረው ማክሰኞ ጠዋት ያደረገውን ነው። ሮሜዎን በስውር ያገባችው ልጅ ተንበርክካ ስትለምነው ካላገባሽ ለምኚ፣ ተራቢ፣ መንገድ ላይ ሙቺ አላት። እናቷ ከእንግዲህ የለሁበትም ብላ ወጣች። የፍቅራቸው መልእክተኛ የነበረችው ሞግዚት እንኳ ፓሪስን አግቢ ብላ መከረቻት። በአንድ ጠዋት ሦስቱም ጀርባቸውን ሰጧት።

በኋላ ዡልየት የተጸጸተች መስላ ይቅርታ ስትጠይቀው አባትየው ደስ ብሎት ሠርጉን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ አመጣው። ከሠርጉ ለማምለጥ ከነፍስ አባቷ ከአባ ሎረንስ የተቀበለችውን፣ የሞተች አስመስሎ የሚያስተኛ መድኃኒት አንድ ሌሊት አስቀድማ የጠጣችው በዚህ የተነሳ ነው። ያቺ ቀን ብትተርፍ ኖሮ የመጀመሪያው መልእክተኛ ቢቀር እንኳ ከከተማ የተባረረው ሮሜዎ ዘንድ ሁለተኛ መልእክተኛ ሊደርስ ይችል ነበር።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና ተጠጥቶ የልጆች ነገር ሲነሳ የምሰማው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ከመባሉ በፊት «የማን ወገን ነው?» ሲባል ሰምቻለሁ። ልጅ ይህን ስትሰማ ወዳጇን ትደብቃለች።

አባት፦ ጥፋቱ የአባ ሎረንስ ነው

እህቴ ካፑሌትን የከሰሱት በማያውቀው ነገር ነው። ልጁ ባለትዳር መሆኗን አንድም ሰው አልነገረውም። የምታለቅሰው ለቲባልት መስሎት፣ ከሐዘኗ ላውጣት ብሎ ነው የደገሰው። ከአባ ሎረንስ የተሰወረ ነገር ግን አልነበረም።

ሮሜዎ በማለዳ መጥቶ ስለ ዡልየት ሲነግራቸው፣ ስለ ቀድሞ ፍቅርህ ስለ ሮዛሊን ያፈሰስከው እንባ ገና ሳይደርቅ ብለው ገሠጹት። የሚሮጥ ሰው እንደሚደናቀፍም ነገሩት። በዚያው ቀን ከሰዓት ግን አጋቧቸው! ሼክስፒር መነሻ ያደረገው የአርተር ብሩክ ግጥም (1562 እ.ኤ.አ.) ወራት የፈጀ ታሪክ ነው፤ እሱ ወደ ጥቂት ቀናት ጨመቀው። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሃል «ቆዩ» ማለት የነበረባቸው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ምክንያታቸው ቅን ነው፤ በልጆቹ ጋብቻ ሁለቱን ቤቶች ለማስታረቅ ነው። ግን እርቅ እንዲህ አይወርድም። የእኛ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የገዳይንና የሟችን ወገን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ካሳ አስቆርጠው፣ አስምለው ነው። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክ የ6 ዓመት ልጃቸውን ዘውዲቱን ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ የዳሩት ለስምምነታቸው ማሰሪያ ነበር። ሕፃን መዳራቸውን አልደግፍም። ቢሆንም ሁለቱም አባቶች ያውቁ ነበር፣ አገርም ያውቅ ነበር። አባ ሎረንስ ልጆቹን የእርቅ መሣሪያ አድርገው ታራቂዎቹን አልነገሯቸውም።

ቲባልት ሲሞት መስፍኑ ፊት ቀርበው «እኔ አጋብቻቸዋለሁ» ቢሉ የፓሪስ ነገር ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ፈሩ። በምትኩ 42 ሰዓት የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተው ልጅቱን ከነሕይወቷ ወደ መቃብር ላኳት። ይህን ለሮሜዎ የሚገልጸውን መልእክት ለአንድ መነኩሴ አደራ ሰጡ፤ እሱም በወረርሽኝ ሰበብ ቤት ተዘግቶበት ቀረ። መጨረሻ ላይ ዡልየት ነቅታ ባሏ ሞቶ አጠገቧ ሳለ፣ የዘብ ድምፅ ሰምተው ጥለዋት ሸሹ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የነፍስ አባት የሚፈለገው ለዚያች ሰዓት ነበር።

የእናት መልስ

መሸሻቸውን አልከላከልም። ግን ወንድሜ ይህን ይመልሱልኝ፦ የ13 ዓመት ልጅ አባቷ እዚያው ቤት እያለ ለምን መቃብር ቀለላት? ካፑሌት አላወቀም አሉኝ፤ ያላወቀው ስላልጠየቀ ነው። ያን ጠዋት ቁጣውን ውጦ «ልጄ፣ ለምን እንቢ አልሽ?» ቢላት፣ ባሏን በነገረችው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ልጆቻችሁ ዘንድሮ ይህን ቴአትር ይዘው ቤት ሲገቡ ያን የማክሰኞ ጠዋት ቁጣ የያዘውን የሦስተኛውን ገቢር አምስተኛ ትዕይንት አብራችሁ አንብቡ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነም እናንተ ከመፍረዳችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።