አዲሱን ኮምፒዩተር በምን እንሙላው?

ማናቸውም መሣሪያ የሚከበረው በመልኩ ሳይሆን በሚሰጠው ጥቅም ነው። ማረሻ የሌለው ሞፈር እንጨት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ተገቢው ፕሮግራም ያልተጫነበት ኮምፒዩተርም ከብረትና ከመስተዋት አያልፍም፤ የማይረባ ፕሮግራም የታጨቀበት ደግሞ ከባዶው ይብሳል።

በዋግ ኽምራ ደጋ በአምደወርቅ ከተማ ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ተማሪ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገባ ነገሩ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ቢቸግረው ጠጋኙን ከደጁ ያገኛል፤ የአምደወርቅ ሰው ግን መሣሪያውን ይዞ ሰቆጣ ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ መሄድ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ምርጫው ከመጀመሪያው በማስተዋል ሊደረግ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ቀድሞ ልዩ ልዩ ድርጅቶች የግዕዝን ፊደል እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አደራደር በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለ ነበረ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ሥርዐት ግን ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ሰጠው። ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽም እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ወጣ። ዛሬ በዩኒኮድ ለመጻፍ ኪማን የተባለው ፕሮግራም ከአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳው ጋር ያለ ዋጋ ይገኛል።

ይህ ነገር የጸሐፊዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። አንድ ወጣት ሹም የመሬትን ወይም የደመወዝን መዝገብ በአሮጌው አደራደር ጽፎ ቢዛወር፣ ተተኪው መዝገቡን ከፍቶ ላያነበው፣ የባለጉዳዩንም ስም ፈልጎ ላያገኘው ይችላል። በአካባቢው የሚነገረው ኽምጣናም በግዕዝ ፊደል የሚጻፍና በአማርኛ የሌሉ ድምፆች ያሉት ቋንቋ ነው። እንግዲህ ተጨማሪዎቹን ፊደላት ሁሉ የያዘ፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ የፊደል ቅርጽ ካልተጫነ፣ ለሕፃናት የሚዘጋጀው ጽሑፍ ጎደሎ ሆኖ ይወጣል።

ቀጥሎ ለጽሕፈት፣ ለሠንጠረዥና ለሒሳብ ሥራ ሊብረ ኦፊስ ይበቃል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ነው። ለድምፅና ለሥዕል በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ከጀመሩት ሥራ የተገኘው ቪ.ኤል.ሲ. አለ፤ ተማሪዎች የጀመሩት ነገር ዓለምን ሲያገለግል ማየት ለእኛም ተማሪዎች ትምህርት ነው። መስመር በሌለበት ስፍራ ደግሞ ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን አንድ ጊዜ ከቀዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ለአንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይገኝም።

ስለ ጥበቃም ዝም ልንል አንችልም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ተሠራጭቶ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሥራ እንኳ አሰናክሏል። ነገር ግን ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አዲስ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ዘወትር ከታደሰ ለብዙው ሰው ይበቃል፤ ሁለት የቫይረስ መከላከያ አንድ ላይ መጫን ግን መሣሪያውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠነክረውም።

ብዙ ወጣቶች ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይቀባበላሉ። ይህ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀውን የደራሲ መብት መንካት ከመሆኑም በላይ፣ ቁልፉን የሰበረው ሰው አብሮ ምን እንደ ጨመረበት አይታወቅም። በነፃ የተፈቀደ ሳለ የተሰረቀውን መጫን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

መስመሩ ደካማ ነው የሚል ምክንያት ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ለሥራ ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ ባሕር ዳር በሄደ ጊዜ፣ የተጠቀሱትን ፕሮግራሞች ከየባለቤቶቻቸው ገጽ በንጹሕ ፍላሽ ቀድቶ ቢመለስ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይበቃል። የዲፌንደርም ማደሻ በዚሁ መንገድ ሊመጣ ይችላል። ያ ፍላሽ ለሌላ ሥራ ሳይውል ይቀመጥ፤ የመዝገቦችም ግልባጭ በሌላ ስፍራ ይጠበቅ።

እንግዲህ ወጣቶቻችን አንድን ፕሮግራም ከመጫናቸው በፊት ለየትኛው ሥራ እንደሚፈልጉት፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነና ነገ የሚተካቸው ሰው የጻፉትን ሊያነብ ይችል እንደ ሆነ ራሳቸውን ይጠይቁ። ኮምፒዩተሩ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ መዝገቡም የሕዝብ ነው፤ ሹም ይሻራል፣ መሣሪያም ያረጃል፤ በሚገባ የተጻፈ መዝገብ ግን ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል።