የደላላው ድርሻና የባለሙያዋ ድካም



ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ አንዲት እናት፣ የእጅ ሥራ በኢንተርኔት በሚሸጥበት በኤትሲ ገበያ፣ የሹራብ ቆብ በ20 ዶላር ሸጠች፤ ለመላኪያም 5 ዶላር ተቀበለች እንበል። ገበያው ዕቃውን ለማሳየት 20 ሳንቲም፣ ለሽያጩ ከመቶ 6.5፣ ለገንዘብ ማስተላለፊያ ደግሞ ከመቶ 3 እና 25 ሳንቲም ይቈርጣል። ሒሳቡ ከ25ቱ ዶላር ስለሚነሣ፣ የሽያጭ ግብር ሳይታሰብ ተቀናሹ 2 ዶላር ከ83 ሳንቲም ያህል ይሆናል።

ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ክሩ 10፣ ፖስታው 5 ዶላር ከፈጀ፣ የድካሟ ዋጋ 10 ዶላር ብቻ ነው፤ ገበያው ከዚህ ከሩብ በላይ ወሰደ ማለት ነው።

ገዢ ላመጣ ደላላ መክፈል ተገቢ ነው፤ ተመኑም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የሽያጩ ድርሻ ከመቶ 5 ወደ 6.5 ከፍ ባለ ጊዜ፣ ብዙ ሻጮች ሱቃቸውን ለአንድ ሳምንት ዘግተው ተቃወሙ። በተለይም ሻጭ ከማያተርፍበት ከመላኪያው ገንዘብ መቍረጥ ፍትሕ አይመስለንም።

እንግዲህ ለመሸጥ የምታስቡ ሁሉ፣ ዋጋ ከመወሰናችሁ በፊት እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ የሚገባውን ሳይሆን የሚቀረውን ቍጠሩ።