ጀሪካኑ ስንት ያስከፍለናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ከአቦምሳ ተነስተን ቡና ለመጫን ወደ ጎሎልቻ አቀናን። መኪናው አይሱዙ ነው፤ ነጋዴው ወዳጄ ሲሆን ሾፌሩ ደግሞ በዚያ መስመር ላይ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ልንነሳ ስንል ረዳቱ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቢጫ ጀሪካን ናፍጣ ተሸክሞ መጣ። ጀሪካኖቹ የምግብ ዘይት የመጣባቸው ናቸው። የአንደኛው ክዳን ስለላላ በፌስታል ተጠቅልሎ ተጠብቋል። ወዳጄ ግንባሩን ቢያኮሳትርበት ሾፌሩ «ጋሼ፣ ስንመለስ ማደያው ናፍጣ ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል?» አለው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

በመልሱ ጉዞ አንዱ ጀሪካን ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ክዳኑ በፌስታል የተጠበቀው ነበር። ናፍጣው ወደ ጆንያዎቹ ወረደ። ቡና ሽታ እንደሚስብ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የረጠቡት ጆንያዎች አራት ብቻ ቢሆኑም ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ገዢው ሙሉውን ጭነት በተለየ ዓይን ማየት ጀመረ፤ ዋጋውም ወረደ። ይባስ ብሎ ያን ናፍጣ አንድ ሊትር እንኳ አልተጠቀምንበትም። ሰልባትዮው ውስጥ የነበረው ደርሶ መልስ በቅቶን ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ሲጫን አይቼ ዝም ያልኩ ነኝና ከጥፋቱ ድርሻዬን እወስዳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ነጋዴው መጠባበቂያ ነዳጅ የሚይዘው መንገዱ ስለረዘመ ይመስለዋል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ባለ 100 ሊትር ሰልባትዮ መኪና ጭኖ በአስፋልት ላይ በ100 ኪ.ሜ. 20 ሊትር ይጨርሳል እንበል። በጭቃና በዳገት፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ ፍጆታው በግማሽ ይጨምርና 30 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ 200 ኪ.ሜ. ደርሶ መልስ 60 ሊትር ይፈጃል፤ 40 ሊትር ይተርፈዋል። ሰልባትዮውን ሞልቶ ለወጣ ሰው ከአቦምሳ ተነስቶ አብዛኞቹን የአርሲ ወረዳዎች ለመድረስ ጀሪካን አያስፈልገውም ማለት ነው። ጀሪካኑን የሚያስጭነን ሰልባትዮውን ሞልቶ ለመውጣት አለመቻሉ፣ ሲመለሱም የሚቀዳ ስለመገኘቱ እምነት አለመኖሩ ነው። በሌላ አነጋገር በጀሪካን የምንሸከመው የማደያውን እርግጠኛ አለመሆን ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ አቦምሳ ከነዳጅ መስመር የራቀች አለመሆኗ ነው። ሀገራችን ነዳጇን በሙሉ ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። ቦቴዎቹ አዋሽንና መተሐራን አቋርጠው ወደ አዳማ ሲወጡ የሚያልፉት ከመርቲ ወረዳ ብዙ በማይርቅ መንገድ ነው። የመርቲ ነጋዴ ግን ያ ቦቴ የሚያራግፈውን ናፍጣ ሰው ግቢ ውስጥ ከማደያ ዋጋ በላይ ከፍሎ ይገዛል።

ዋጋው እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም የታለመ ድጎማ የሚባለው አሠራር ሲጀመር ናፍጣ በሊትር 49 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ በ2017 ዓ.ም ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ በሊትር 100 ብር ብንይዝ እንኳ ሦስት ጀሪካን ማለት 6,000 ብር የታሰረ ገንዘብ ነው። ክብደቱም አለ። 60 ሊትር ናፍጣ 50 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህም የግማሽ ኩንታል ቡና ቦታ ነው። ይህን ወጪ በጉዞ ሒሳቡ ውስጥ የሚያስገባ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደላላውም «መኪና በኩንታል ይህን ያህል» ብሎ ሲያዋውል ስለ መጠባበቂያው ነዳጅ አያነሳም። መንገድ ላይ ሲያልቅ ወይም ሲፈስ ግን ባለጭነቱና ባለመኪናው ይጨቃጨቃሉ፤ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ጀሪካን የምንለው ቃል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጣ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ለጦራቸው 20 ሊትር የሚይዝ የብረት መያዣ ሠሩ። እንግሊዞቹ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የያዙት ስስ ቆርቆሮ እየተቀደደ ነዳጃቸውን አሸዋው ሲጠጣባቸው፣ የጠላታቸውን ዕቃ እየማረኩ መጠቀም ጀመሩ፤ ስሙንም ጀርመኖችን በሚጠሩበት የወታደር ቅጽል ሰየሙት። ያ ዕቃ ሦስት እጀታ አለው፤ አንድ ሰው ሁለት ባዶ ጀሪካን በአንድ እጁ ይይዛል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ሙሉ ጀሪካን ለሁለት ይሸከማሉ። ክዳኑ በሞላላ ማጠፊያ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ከላይም አየር የሚቆይበት ቦታ ተትቶለታል። እኛ ዘንድ የደረሰው ስሙ ብቻ ይመስላል፤ ዛሬ ጀሪካን ስንል ዘይት የመጣበትን ቢጫ ፕላስቲክ ነው። በዚያው ፕላስቲክ ውኃ እንቀዳለን፣ ጠላ እናጓጉዛለን፣ ናፍጣ እንይዛለን። አንዳንዴ በተመሳሳይ ሳምንት!

ለናፍጣ እንኳ ይሁን ቢባል ለቤንዚን ግን ፈጽሞ አይሆንም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል። በሙቀት ይስፋፋል፤ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ መቶኛ አንድ ያህል ይጨምራል። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። እዚያ ጠዋት በ10 ዲግሪ እስከ አፉ የተሞላ 20 ሊትር፣ ቀትር ላይ አዋሽ ሸለቆ በ35 ዲግሪ ሲደርስ ግማሽ ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ጀሪካን አይሞላም፤ ሲቀዳም መኪና ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሰው በተሳፈረበት ጋቢና ውስጥም አይጫንም። በየገጠሩ ለውኃ መሳቢያ ሞተር ቤንዚን በባጃጅ የሚያመላልሱ ወጣቶች ከእግራቸው ሥር ምን እንዳስቀመጡ ቢያውቁ መልካም ነበር።

የመንግሥትን ወገን እንመልከት። ማደያዎች በጀሪካንና በበርሜል እንዳይቀዱ የሚከለክለው ትእዛዝ አዲስ አይደለም፤ በየጊዜው ይታደሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ነዳጅ በድብቅ እየተቀዳ በጥቁር ገበያ ይሸጣል፣ ድንበርም ይሻገራል። ይህን የሚያደርጉትን የሚከላከልላቸው የለም። ነገር ግን ክልከላው ማንን እንደያዘ እንይ። በርሜል በሌሊት የሚያስቀዳው ሰው መንገዱን ያውቀዋል። የተያዘው በሕጋዊ ንግድ ፈቃድ፣ በሕጋዊ መኪና፣ 40 ሊትር መጠባበቂያ በማደያ ዋጋ መግዛት የሚፈልገው ነጋዴ ነው። ማደያው ስለማይቀዳለት ወደ ግቢ ይሄዳል፤ ጥቁር ገበያውን ለማጥፋት የወጣው ትእዛዝ ለጥቁር ገበያው ደንበኛ ያመጣለታል። ከግቢ የተገዛው ናፍጣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት፣ ውኃ ይግባበት የሚታወቀው ፖምፓው ሲበላሽ ነው።

ከሁሉ የባሰው የኮምባይነሩ ነው። አርሲ ከ1960 ዓ.ም ጀምሮ በካዱ ፕሮጀክት ከዘመናዊ እርሻ ጋር የተዋወቀ ምድር ነው፤ ዛሬ የአርሲና የባሌ ስንዴ በብዛት የሚታጨደው በኪራይ ኮምባይነር ነው። ኮምባይነር ከማሳው ወጥቶ ማደያ ሄዶ ሊሰለፍ አይችልም፤ ናፍጣው ነው ወደ እርሱ የሚሄደው፣ ያውም በበርሜል። ለዚህ ሲባል ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ማጻፍ የተለመደ ነው። ደብዳቤው ግን ሲፈለግ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሲፈረም ማደያው ባዶ ነው፤ ማደያው ሲሞላ ደብዳቤው ቀኑ አልፎበታል። ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ ማንም አይጠብቅም፤ ባለኮምባይነሩ ከተገኘበት ይገዛል። የእጨዳ ኪራይ በኩንታል ስለሚቆረጥ ጭማሪው በገበሬው ላይ ያርፋል፤ ከገበሬው ደግሞ ወደ እህል በረንዳ ይመጣል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የስንዴ ዋጋ ለምን ተንቀሳቀሰ ብሎ የሚጠይቅ ባለሀብት ከመልሱ አንዱን ክፍል በዚያ በርሜል ውስጥ ያገኘዋል።

ይህ ጸሐፊ የሚለው ክልከላው ይነሳ አይደለም፤ መጠን ይበጅለት ነው። በንግድ መኪና ላይ በማቀፊያ የታሰረ፣ በሚገባ የሚዘጋ የብረት ጀሪካን እስከ 40 ሊትር ድረስ በሰሌዳ ቁጥር ተመዝግቦ ይቀዳ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል መንገዶች ሆኗልና ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደቀዳ ማየት ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ 40 ሊትር የሚቀዳ ሰሌዳ ራሱን ያጋልጣል። ለኮምባይነር ደግሞ በየሳምንቱ የሚታደስ ደብዳቤ ሳይሆን የአጨዳ ወቅቱን በሙሉ የሚሸፍን አንድ ፈቃድ ይሰጥ። ኮንትሮባንዲስቱ ይህንንም ይጠቀምበታል የሚሉ ይኖራሉ። ይሞክራል፤ ነገር ግን በ40 ሊትር ድንበር ተሻግሮ የከበረ ሰው አላውቅም።

ነጋዴውም መንግሥትን ብቻ መጠበቅ የለበትም። ከጉዞ በፊት ሰልባትዮው ስንት እንደሚይዝና መኪናው በዚያ መንገድ ስንት እንደሚፈጅ ሾፌሩን ይጠይቅ፣ ይጻፈው። መጠባበቂያው የማን ወጪ እንደሆነ፣ ቢፈስ ማን እንደሚከፍል ከደላላው ፊት ይነጋገር።

ወዳጄ ከዚያ ጉዞ በኋላ ሁለት የብረት ጀሪካን ገዝቶ ከጋቢናው ጀርባ የብረት ማቀፊያ አስበየደላቸው። ዋጋቸው ከአራቱ ጆንያ ኪሳራ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም ይላል። ባለፈው ስንገናኝ ግን ባዶ ናቸው። ማደያው አልቀዳላቸውም፤ ከግቢ መግዛት ደግሞ እምቢ ብሏል።