የዱር ጄራኒየምና መሳዮቹ

ክረምት ሲወጣ በአርሲ ደጋ፥ ከሲሬ እስከ ጭላሎ ግርጌ፥ በአጥር ሥርና በመንገድ ዳር ሣር ውስጥ እየተሳበች የምትበቅል፥ አበባዋ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ የሆነ ትንሽ ተክል አለች። ብዙ መንገደኛ ረግጧት ያልፋል። ሊቃውንት ጄራኒየም አራቢኩም ይሏታል። ስሟ የወጣው ፎርስካል የተባለው ተመራማሪ በየመን ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1775 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ነው። ኋላም ከስሜን ተራሮች ተለቅማ «ጄራኒየም ሲሜንሴ» የሚል ሁለተኛ ስም ወጥቶላት ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታውቋል። ሊቃውንት ይህን ያህል ከተቸገሩ፥ ተማሪ በቅጠል ብቻ አይቶ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ማወቂያው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ፍሬዋን እንመልከት። «ጌራኖስ» በግሪክ ቋንቋ ረጅም መንቁር ያላት ወፍ ስም ነው፤ ፍሬዋም ሹል መንቁር ይመስላል። ሲደርቅ አምስቱ ዘንጎች ከሥር ወደ ላይ እየተቆለመሙ ዘሩን እንደ ወንጭፍ ይወረውሩታል። ዘመዷ ኤሮዲየምም መንቁር አለው፤ የእርሱ ዘንግ ግን እንደ ቡሽ መንቀያ ተጠምዝዞ ዘሩን መሬት ውስጥ ይሰረስራል፤ ቅጠሉም እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው። የጄራኒየም ቅጠል ግን እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው።

ሁለተኛ፥ በአበባው መካከል የአበባ ዱቄት የሚሸከሙትን ክሮች እንቁጠር። በጄራኒየም 10 ናቸው፤ በኤሮዲየም ዱቄት ያለባቸው 5 ብቻ ናቸው።

በየቤቱ በረንዳ በቆርቆሮ ተተክሎ «ጄራኒየም» የሚባለው ቀይ አበባስ? እርሱ ፔላርጎኒየም ነው። ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልሏቸው ነበር፤ ሌሪቲየ የተባለው ፈረንሳዊ በ1789 ቢለያቸውም፥ አትክልተኛው አሮጌውን ስም አልተወም። የአበባውን አገዳ ከአበባው ሥር በምላጭ አግድም ብትቆርጡት የማር ቱቦው ቀዳዳ ይታያል፤ በዱር ጄራኒየም ይህ የለም።

ሦስተኛ፥ ግንዷን በጣት ዳስሱ። ወደ ኋላ የቆለመሙ ጥቃቅን እሾሆች ከያዟችሁ፥ ሌላይቱ የዱር ጄራኒየም፥ አኩሊዮላቱም የምትባለው ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በረግረግና በወንዝ ዳር የሚበቅለው ራኑንኩለስም ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ፥ አበባ ሳያወጣ ጄራኒየም ሊመስል ይችላል። ጭማቂው ግን ቆዳን ያቆስላል። አበባው ቢጫ ነው፤ የእኛ ጄራኒየም ቢጫ አታብብም። ስለዚህ አበባ ወይም ፍሬ ያልያዘውን ተክል በቅጠሉ ብቻ አምናችሁ አትሹት፥ ለሕፃንም መድኃኒት ነው ብላችሁ አትቀቡ።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ለሽርሽር ስትወጡ ማጉያ መነጽር፥ እርሳስና ደብተር ያዙ፤ መጀመሪያ ቁጠሩ፥ ስሙን ኋላ ጻፉ።