ዝናቡ ደጋ፣ ጎርፉ ጫሞ ዳር

በአገራችን ስለ ጎርፍ ዝግጅት ሲወራ የሚታሰበው ክረምት ነው። ሰኔ ሲገባ አዋሽ፣ ፎገራና የኦሞ ዳርቻ በየመግለጫው ይጠቀሳሉ፤ ግብረ ኃይል ይቋቋማል፤ ሸራና ጀልባ ይቆጠራል። ጎርፋቸው ከክረምት ጋር ለሚመጣ አካባቢዎች ይህ ልማድ ቢጠናከር እንጂ አይከፋም። አርባ ምንጭና በጫሞ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያሉት ቀበሌዎች ግን ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሁለተኛው ዝናብ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር ሊዘልቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ወቅት ሲከፍል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ከበጋ ይመድበዋል፤ ለጋሞ ቆላ ግን ጥቅምት ወንዝ የሚሞላበት ወር ነው። ስለዚህ አገር አቀፉ ንቅናቄ ሲጀመር ጫሞ ዳር አንዱ የጎርፍ ወቅት አልፏል፤ ንቅናቄው በመስከረም ሲበርድ ደግሞ ሌላው ይብታል። ይህን የወቅት መዛነፍ አንድ ጥሩ ዕቅድና አንድ ደብዳቤ ሊያስተካክለው ይችላል። ከእሱ የሚከብደው የሰዓቱ ጉዳይ ነው።

የጉጌ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,200 ሜትር ይደርሳል፤ የጫሞ ሐይቅ የሚገኘው 1,110 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአየር መስመር ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ኩልፎ ከጉጌ ሰንሰለት ተነሥቶ፣ አርባ ምንጭን አልፎ፣ የነጭ ሳር ፓርክን ደን አቋርጦ ጫሞ የሚገባው በዚህ አጭር ቁልቁለት ነው። ሲሌ፣ ሰጎና ኤልጎም እንዲሁ ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ የሚወስደውን መንገድ እያቋረጡ የሙዝ ማሳ በሞላበት ሜዳ ላይ ይዘረገፋሉ። አዋሽ ላይ ከቆቃ የተለቀቀ ውኃ ታችኛው አፋር እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል፤ እዚያ ለመንገርም፣ ለመጠራጠርም፣ ከብት ለማሸሽም ጊዜ አለ። በነዚህ አጫጭር ወንዞች ላይ ግን ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዶፍ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆላው ላይ ደራሽ ውኃ ይሆናል፤ ሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩም ጠርቶ ሳለ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ማስጠንቀቂያ በክልል፣ በዞንና በወረዳ በኩል ተቀባብሎ ቀበሌ እስኪገባ ድረስ ጎርፉ ቀድሞት ሐይቅ ገብቷል። የጫሞ ዳርቻ የጎርፍ ዝግጅት መጀመር ያለበት ደጋ ላይ ነው የምለውም ለዚህ ነው። ዝናቡን በዓይኑ የሚያየው የቦንኬ፣ የገረሴ፣ የዲታና የጋጮ ባባ ገበሬ የማስጠንቀቂያው የመጀመሪያ ሰው ተደርጎ በይፋ እስካልተሾመ ድረስ ታች የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ከጎርፉ በኋላ የሚደርስ ዕርዳታ ከመሆን አያልፍም።

ዕውቀት ጎደለ እንዳይባል አርባ ምንጭ የውኃ ትምህርት ከተማ ናት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1979 የተመሠረተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው፤ በየክልሉ ግድብና መስኖ የሚነድፉ መሐንዲሶች ብዙዎቹ እዚያ ተምረዋል። ስለ ኩልፎ፣ ስለ ሃሬና ስለ ኤልጎ፣ ስለሚያወርዱት ደለል ጭምር፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በትብብር የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ልኬትም አለ። ልኬቱ ግን የተደራጀው ለሌላ ዓላማ ነው። በአገራችን ብዙ ወንዞች ዳር የቆመውን የውኃ ከፍታ መለኪያ አንባቢው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት እያየ በመዝገብ ያሰፍራል፤ መዝገቡም ተጠራቅሞ ወደ ላይ ይላካል። ለድልድይ ንድፍና ለመስኖ ጥናት ይህ መዝገብ ወርቅ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መጥቶ 10 ሰዓት ላይ ያለፈ ጎርፍ ግን በሁለቱ ንባቦች መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ አንባቢው ሞላ ያለውን ወንዝ በዓይኑ ቢያይ እንኳ ለማን መደወል እንዳለበት የሥራ ዝርዝሩ አይነግረውም። ለመዝገብ የሚለካ ወንዝና ለማንቂያ የሚለካ ወንዝ ይለያያሉ። እኛ ያለን የመጀመሪያው ነው።

የሰዓት ዋጋ ምን እንደሆነ 1998 በመረረ መንገድ አሳይቷል። በሐምሌ መጨረሻ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ ሌሊት ሰዎችን በተኙበት አግኝቶ ከ250 በላይ ገደለ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ኦሞ ከዳርቻው ወጣና በደቡብ ኦሞ 364 ሰዎች ሞቱ። በጊዜ የተቀራረቡት እነዚህ ሁለት አደጋዎች በባሕርያቸው ይለያያሉ። ኦሞ ረጅም ወንዝ ነው፤ ላይኛው ተፋሰስ ላይ የታየ ሙሌት ዳሳነች ሳይደርስ የሚነገርበት ጊዜ አለ፤ የሚያስፈልገው ርቀቱን ተሻግሮ የሚታመን መልእክተኛ ነው። ደቻቱ ግን የሚሰጠው ሰዓታት ብቻ ነው። ኩልፎና ኤልጎ የደቻቱ ወገን ናቸው፤ ስለነሱ ስናስብ ከኦሞ ይልቅ ድሬዳዋን ማስታወስ ይገባናል። በቅርቡ ደግሞ፣ እስከ ጥቂት ዓመታት በፊት ከጋሞ ጋር አንድ ዞን በነበረው በጎፋ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 የገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ከ240 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተዳፈኑትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በደጋው ሕዝብ ዘንድ መደራረስ አልጠፋም፤ ደግነቱና ድፍረቱ ሞልቶ ተርፏል። ያልነበረው ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ «ወደዚህ አትቅረቡ» የሚልና ሲል የሚሰማ፣ አስቀድሞ የታወቀ ሰው ነው።

ጋሞ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም። መስከረም 2011 በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ጥቃት ተከትሎ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው በመንበርከክ መልሰዋቸዋል። አገር ያደነቀው ያ ድርጊት የአንድ ቀን ተአምር አልነበረም፤ ሰው በዱቡሻ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የአባት ቃል የሚከበርበት ሥርዓት ስላለ የሆነ ነገር ነው። የቁጣን ሰልፍ መመለስ የቻለ ሥርዓት ከወንዝ ዳር ሕፃናትንና ከብትን ማስነሣት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ቆላ ላይ ደግሞ እድር አለ፤ የእድሩ ጥሩንባ ከማንኛውም የስልክ ኔትወርክ በፊት ሰፈሩን ያዳርሳል። ለቀብርና ለጎርፍ የሚነፋው ድምፅ ተለይቶ እንዲታወቅ ማድረግ የአንድ የእድር ስብሰባ ሥራ ነው። የደጋው ሸማኔና የገብስ ገበሬ ከቆላው የሙዝና የበቆሎ አምራች ጋር በገበያም በጋብቻም የተሳሰረ ነው፤ ብዙዎቹ የቆላ ነዋሪዎች ራሳቸው ከደጋ የወረዱ ወይም የወረዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ ዘመዱም ታች ያለለት ሰው ዛሬም ቢሆን «ዛሬ ወንዙ ከባድ ነው» ብሎ ይደውል ይሆናል። የሚፈለገው ይህ በዘመድ በኩል የሚሄድ ወሬ ዘመድ ለሌለውም የሚደርስበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ እንቅፋት የሚሆነው አስተዳደሩ ነው፤ ወንዙ ከአንድ ወረዳ ተነሥቶ ሌላ ወረዳ ውስጥ ይደፋል፤ ሪፖርት ግን ወደ ላይ ወደ ዞን እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። የላይኛው ቀበሌ በቀጥታ ለታችኛው ቀበሌ እንዲደውል፣ ዞኑም ጥሪውን ቆይቶ ቢሰማው ቅር እንዳይለው ካልተደረገ ሥርዓቱ አይሠራም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በኔፓል የካርናሊ ወንዝ ላይ፣ ከተራራው መውጫ ቺሳፓኒ ከተባለው የልኬት ጣቢያ ውኃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ታች ላሉት መንደሮች ይደወላል፤ መንደሮቹም ማን ሳይረን እንደሚያሰማ፣ ማን አረጋውያንን እንደሚያወጣ አስቀድመው ተከፋፍለውታል። የሚያገኙት ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ለሕይወት ግን ይበቃል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንደሚለው የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሲገኝ ጉዳቱ በ30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጫሞ ላይ 24 ሰዓት አይገኝም። ሦስት ሰዓት ማሳውን ባያድንም ቤተሰቡን፣ ከብቱንና የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ያድናል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከአርሶ አደሩ ነው። ሙዝ በጥሩንባ አይሸሽም፤ አዲስ አበባን የሚያበላው የአርባ ምንጭ ሙዝ ሥሩ በጎርፍ ከተነቀለ ገበሬው ዓመት ያህል ገቢ ያጣል። ስለዚህ ወሬውን ተዉትና በጋቢዮን የታጠረ፣ በዶዘር የተጠረገ ወንዝ ስጡን ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን የጫሞ ወንዞች የሚያወርዱት ውኃ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ፣ ጠጠርና አሸዋ ነው። ቁልቁለቱ ሲያበቃና ሜዳው ሲጀምር ወንዙ ጉልበቱን አጥቶ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል፤ ወለሉ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፤ በድልድዩ ሥር የነበረው ክፍተት ይጠባል። በእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የተሠራ ክትር ቁመቱ ባለበት ሳለ ወንዙ ወደ እሱ እያደገ ይመጣል። አንዱን ዳር ማጠር ደግሞ ውኃውን ወደ ማዶው ሰው ማሳ መግፋት ነው፤ ከጎርፍ ጠብ ወደ ድንበር ጠብ መሸጋገር ማለት ነው። ክትር ይሠራ፤ ደለሉን በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ለማንሣት በጀት የተያዘለት ብቻ ይሁን። ተመርቆ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚረሳ ክትር ሰዎችን ከኋላው በሰላም እንዲተኙ ስለሚያደርግ ከሌለው የባሰ አደገኛ ነው።

ሌላው ወገን ነዋሪውን ከሜዳው አንሡ ይላል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ወባና ገንዲ ሰዉን ከቆላው አርቀውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆላው የደጋው የመሬት ጥበት ማስተንፈሻ ሆኗል፤ መንግሥትም እርሻ እየከፈተ ሰው እንዲወርድ አበረታቷል። ዛሬ ተመለሱ ለሚባሉት ደጋው ላይ የሚጠብቃቸው ባዶ መሬት የለም፤ ገበሬውም ሜዳውን የወደደው በየጎርፉ በሚታደሰው አፈር ምክንያት ጭምር ነው። ከወንዙ አፍና ከሐይቁ ዳር የተጠጉ ቤቶችን ማራቅ ግን የግድ ነው። አባያ ከጫሞ በ60 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው፤ ሲሞላ ትርፉ በኩልፎ በኩል ወደ ጫሞ ይወርዳል። ባለፉት ዓመታት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ የኬንያዎቹ ባሪንጎና ናይቫሻ ሳይቀሩ፣ እየሰፉ መሬት ውጠዋል። ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጎርፍ ነውና ለእሱ ጥሩንባ ሳይሆን የዳርቻ ድንበር ያስፈልገዋል።

ሐሰተኛ ማንቂያ ሰዉን ያሰለቻል የሚለው ሥጋት እውነት አለው። ሰው የሚሰለቸው ግን ማን እንደነገረው በማያውቀው ማንቂያ ነው። የላይኛው ቀበሌ ሰው «እዚህ ዶፍ ጥሏል፣ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ነው» ብሎ የሚደውልለት ሰው፣ ውኃው ሳይደርስ ቢቀር እንኳ ደዋዩን ውሸታም አይለውም።

ቀሪው የክፍያ ጥያቄ ነው። ደጋው ላይ እርከን የሚሠራውና ዝናብ የሚለካው ሰው የሚጠብቀው የሌላውን ማሳ ነው። ለቆላው ጎርፍ የደጋውን የደን ጭፍጨፋ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ለሰው ማሳ ሲባል የራሱን ግማሽ ጥማድ ሳይዘራ የሚተው ገበሬ የትም አይገኝም። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በተፋሰስ ልማት ስም በነፃ የሚወጣው ጉልበት በአመዛኙ የደጋው ነው፤ ትርፉ ግን በሙዝ ሆኖ የሚጫነው ከሲሌና ከሃሬ ሜዳ ነው። ከዚያ ሙዝ ንግድ ለላይኛው ተፋሰስ የሚመለስ ትንሽ መዋጮ፣ ለዝናብ ለኪዎችና ለወንዝ አንባቢዎች ከሴፍቲኔት ወይም ከዞኑ በጀት የሚታሰብ የስልክ ካርድና አበል ምጽዋት ሳይሆን የአገልግሎት ዋጋ ነው። የበልግ ትንበያ የሚወጣበት ሰሞንና የተፋሰስ ዘመቻው የሚገጣጠሙ በመሆናቸው አመቺው ጊዜ እሱ ነው፤ የኤልጎና የሲሌ ሰው አካፋውን ይዞ ለአንድ ቀን ወደ ቦንኬ ይውጣ፤ እርከኑን አብሮ ይሥራ፤ ሲመለስም ዝናብ በመጣ ቀን የሚደውልለትን ሰው ቁጥር ይዞ ይውረድ።