ድርጅቱ ልብ ወለድ ቢሆንም ተጠቃሚው ልብ ወለድ አይሁን

በዲዛይን ትምህርት ውስጥ በእጅጉ የተለመደ አንድ የልምምድ ዓይነት አለ። ተማሪው በገሃዱ ዓለም የሌለ ጀማሪ ኩባንያ ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ አርማ፣ ቀለምና የፊደል ቅርጽ ይመርጥለታል፤ በመጨረሻም የኩባንያውን የስልክ መተግበሪያ ገጾች አንድ በአንድ ነድፎ ለግምገማ ያቀርባል። ሥራው በተመራቂው የሥራ ማሳያ ስብስብ ውስጥ ገብቶ በቀጣሪዎች ዘንድ እንደ ችሎታ ምስክር ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ልምምዱ ይቅር አይልም። ኩባንያው ልብ ወለድ መሆኑ ጠቃሚ ነው፤ ጉዳት የሚመጣው ከኩባንያው ጋር ቋንቋው፣ ተጠቃሚውና ሕጉም አብረው ልብ ወለድ ሲሆኑ ነው።

በቅድሚያ ጥቅሙን በፍትሐዊነት መመዘን ይገባል። እውነተኛ ደንበኛ ጊዜ ያጥረዋል፤ ሐሳቡን ይለዋውጣል፤ አንዳንዴም የተማሪን ድካም ያለ ክፍያ ይወስዳል። ልብ ወለድ ኩባንያ ግን ተማሪው ከስም አወጣጥ አንሥቶ እስከ ስሕተት መልእክት ያለውን ሰንሰለት በሙሉ በራሱ ውሳኔ እንዲያልፍበት ዕድል ይሰጣል። በሥራ ዓለም ጀማሪ ዲዛይነር ይህን ሁሉ የሚወስንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነጻነት በምን ላይ ይውላል የሚል ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ለዕድር የሚያገለግል መተግበሪያ ሊነድፍ የተነሣ ተማሪ እናስብ። ምርቱንም «ጥሩምባ» ብሎ ሰይሞታል እንበል። መተግበሪያው ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ የድንኳን፣ የወንበርና የዕቃ ዝርዝር ይይዛል፤ ሰው ሲሞት የቀብሩን ቦታና ሰዓት ለአባላት ያስታውቃል። ተጠቃሚዎቹ የዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ፣ እንዲሁም ጽሑፍ በመነጽር የሚያነቡ እናቶችና አባቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ፈተና ቋንቋ ነው። በብዙ የልምምድ ሥራዎች ገጾቹ በእንግሊዝኛ ይነደፋሉ፤ አለዚያም ቦታ እንዲይዝ ብቻ «ሎረም ኢፕሰም» የሚባለው፣ ከሮማዊው ሲሴሮ ድርሰት ተቆራርጦ የተወሰደው የላቲን ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። አማርኛው በኋላ ይተረጎማል ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን አማርኛ ከመጀመሪያው ቁልፍ ጀምሮ ዲዛይነሩን ውሳኔ ይጠይቀዋል። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው በአንድ ቃል የሚጽፈውን የክፍያ ቁልፍ አማርኛ «ክፈል»፣ «ክፈዪ»፣ «ይክፈሉ» እያለ በጾታና በአክብሮት ይለየዋል። «ክፈል» የሚል መተግበሪያ የሰባ ዓመት አዛውንትን «አንተ» ብሏል፤ ሴት አባላቱንም ዘንግቷል። «ይክፈሉ» ቢል አክብሮቱ ይጠበቃል፤ «ክፍያ» ቢል ደግሞ ትእዛዙን ወደ ስም ለውጦ ጥያቄውን ያልፈዋል። እያንዳንዱ ምርጫ የኩባንያውን ጠባይ ይወስናል። ስለ ብራንዱ የአነጋገር ቃና ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ጽፎ ይህን ያልወሰነ ተማሪ ዋናውን ነገር ገና አልተናገረም።

ከቃሉ ቀጥሎ ፊደሉ ይመጣል። የግእዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ቅርጽ የለውም፤ ስለዚህ ርዕስን በትልልቅ ፊደላት ማጉላት የሚባለው ዘዴ እዚህ አይሠራም። የብራና ጸሐፊዎች ርዕሱንና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም በመጻፍ ለዚህ የራሳቸውን መፍትሔ አበጅተው ነበር። የዛሬው ዲዛይነርም በፊደሉ ውፍረት፣ በመጠኑ፣ በቀለሙና በመስመሮች መካከል ባለው ክፍተት የራሱን ሥርዓት ማበጀት ይጠበቅበታል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአማርኛ መንደፍ በቴክኒክ አያመችም የሚለው ምክንያት ጊዜው አልፎበታል።

የፍለጋም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሥዕል ላይ ያለ የመፈለጊያ ሣጥን ሁልጊዜ የተፈለገውን ያገኛል። በእውነተኛ መዝገብ ግን ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ የመዘገባትን አባል ገንዘብ ያዡ «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልጋት ላያገኛት ይችላል። ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ዲዛይነሩ በንድፉ ላይ ካላመለከተ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው በራሱ ያስበዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጊዜም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ቀብሩ በ9 ሰዓት መሆኑን ሊያስታውቅ ከተዘጋጀው ዝርዝር «9፡00 ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ይመርጣል። ስልኩ ግን ይህን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚረዳው ማስታወሻው የሚደወለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ቀብሩ ከተፈጸመ ከ6 ሰዓት በኋላ ይሆናል። «ጥዋት» የሚለውን ቢመርጥ ደግሞ ማስታወሻው 6 ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። የልደት ቀን መሙያው 12 ወራት ብቻ ካሉት በጳጉሜን የተወለደ አባል መመዝገብ አይችልም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥንም በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ለሚጠራ ሰው መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። እነዚህ ሁሉ በገጹ ውበት ላይ አይታዩም፤ በአባሉ ላይ ግን ይታያሉ።

የብራንዱ ሥራ ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። «ጥሩምባ» የሚለው ስም በሰፈር ማለዳ የሚሰማውን የሞት ጥሪ ያስታውሳል። ያው ስምና ያው ድምፅ ለወርኃዊ መዋጮ ማስታወሻ ከዋለ አባሉን በየወሩ ያስደነግጠዋል፤ እንግዲያው ዲዛይነሩ ስሙን ይለውጥ ወይም የሞትን ጥሪ ከሌላው መልእክት የሚለይ ድምፅና ቀለም ያዘጋጅ። ጽሑፉም በደካማ ዓይን ሊነበብ ይገባዋል፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብሩህነት ንፅፅር የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አርማው ደግሞ የሚኖረው በስልክ ላይ ብቻ አይደለም፤ በክብ ማኅተም፣ በደረሰኝ ጥራዝና በድንኳን ሸራ ላይ ይታተማል። በአንድ ቀለም ሲታተም የማይለይ አርማ ለዕድር አይሆንም። ስሙም ቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር እንዳይመሳሰል የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998ን ማየት የልምምዱ አካል ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእውነተኛነት ጥያቄ ነው። ኩባንያን መፍጠር ልምምድ ነው፤ ያልተጠየቁ ሰዎችን መልስ መፍጠር ግን የምርምር ሐሰት ነው። በአንዳንድ ማሳያዎች ላይ «ከተጠቃሚዎቻችን አብዛኞቹ ረክተዋል» የሚል መቶኛ፣ ያልተናገረ ደንበኛ ምስክርነት፣ ያልተካሄደ ቃለ መጠይቅ ውጤት ከአርማው ጎን ተሰልፎ ይታያል። ኩባንያው ልብ ወለድ መሆኑን የማያውቅ ቀጣሪ ይህን እንደ ማስረጃ ያነበዋል። የምርቱ ልብ ወለድነት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገለጽ፤ የተጠቃሚ ጥናት ካለ ግን፣ አምስት ሰዎችን ብቻ ያካተተ ቢሆንም እንኳ፣ በእውነት የተካሄደ ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ ስለሚጠየቅ እያንዳንዱ መረጃ «ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ መመለስ በልምምድም ቢሆን ሊለመድ ይገባል።

ይህ ሁሉ የተማሪውን ፈጠራ ያፍናል፤ ገደቡም የምሕንድስና እንጂ የዲዛይን ሥራ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። በመጀመሪያው ዓመት ቅርጽንና ቀለምን ብቻ የሚያለማምድ ሥራ ቦታ አለው። የመመረቂያ ሥራ ግን ከዚያ የተለየ ነው። በገንዘብ ዝውውር የሚታወቀውን ምሳሌ ብንወስድ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው ቴሌብር ከመተግበሪያው በተጨማሪ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ያ የደረቀ የቁጥር ዝርዝር ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ሰው ብቸኛው በይነ ገጽ ነው። ሥዕል በሌለበት፣ በጥቂት ቃላት ብቻ ሰውን ከስሕተት የሚጠብቅ ቅደም ተከተል መንደፍ ከፈጠራ ሁሉ የሚጠይቀው ብዙ ነው።

ስለዚህ መምህራንና ገምጋሚዎች ከልብ ወለድ ምርት አራት ነገሮችን እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ገጾቹ ተጠቃሚው በሚናገረው ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማሊኛ፣ በእውነተኛ ጽሑፍ ይነደፉ። ሁለተኛ፣ ከተሳካው መንገድ ጎን መረብ ሲቋረጥ፣ ክፍያ ሳያልፍ ሲቀርና ስም ሲሳሳት የሚታዩት ገጾች ይቅረቡ። ሦስተኛ፣ አርማው በማኅተም መጠንና በአንድ ቀለም ታትሞ ይታይ። አራተኛ፣ ልብ ወለድ የሆነውና በጥናት የተገኘው ተለይቶ ይጻፍ። አራቱም የተለየ በጀትም ሆነ መሣሪያ አይጠይቁም። የዛሬው ተማሪ በመጪው ዓመት የባንክ፣ የሆስፒታልና የቀበሌ ቅጾችን ይነድፋል፤ በጳጉሜን የተወለደችው ሴት በዚያን ጊዜ ቅጹን ለመሙላት የምትቀርበው በእውን ነው።